ከውሻው እንጀምር፦ ስለ ቀይ ቀበሮ የወጣ ማኒፌስቶ

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውርጫማ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። በአራዊት ማቆያ ተጠብቆ የሚኖር እንኳ አንድ የለም። በባሌ፣ በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎና በመንዝ ጓሳ ተበታትነው የቀሩት አዋቂዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ናቸው። እዚህ ካለቀ ከየትም አምጥተን አንተካውም። እኛ ይህ የሚያንገበግበን ሰዎች ሌላ ባለቤት እስኪመጣለት አንጠብቅም።

የአውሬ መጥፋት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ጠመንጃን ነው። ቀይ ቀበሮን በብዛት የፈጀው ግን በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ዌብ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ በወራት ውስጥ ከአራት ቀበሮ ሦስቱን ጨረሰ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመሳሳይ እልቂት ደርሶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2014ም በሽታው ተመልሶ መጣ።

እንዲህ የሚያዛምተው የቀበሮዎቹ ፍቅር ነው። ጎህ ሲቀድ የአንድ ቤተሰብ አባላት ይሰባሰባሉ፤ አፍንጫ ለአፍንጫ ይነካካሉ፣ ጅራታቸውን ይቆላሉ፣ ቡችሎቹ እየተንከባለሉ እግር ሥር ይገባሉ። ድንበራቸውን አብረው ከዞሩ በኋላ ይለያያሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ጆሮውን ቀስሮ፣ ሆዱን ሣሩ ላይ ለጥፎ፣ ፍልፈል ከጉድጓዷ ብቅ እስክትል ያደባል። ማታ እንደገና ይገናኛሉ። አንዱ ከታመመ ታዲያ ሁሉም ይታመማል።

በሽታው የሚመጣው ከመንደር ውሻ ነው። ውሻውን አንወቅስም፤ እረኛውንም አንከስም። ጅብ በሚያደባበት ብርድ ውስጥ በጎቹን ያለ ውሻ ጠብቅ የሚለው ማን ነው? የምንጠይቀው ውሻው እንዲከተብ ነው። በተራሮቹ ዙሪያ ያለ ውሻ ሁሉ፣ በነፃ፣ ሳይቋረጥ ይከተብ። ቡችሎች በየጊዜው ይወለዳሉና አንድ ሰሞን ተዘምቶበት የሚተው ሥራ አይደለም። ያው መርፌ በእብድ ውሻ ተነክሶ ሊሞት የሚችለውን የእረኛውን ልጅም ያተርፋል። ይህን ጉዳይ የአውሬ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ትልቅ ስህተት ነው እንላለን። ለቀበሮዎቹም መድኃኒት አለ፦ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በባሌ በፍየል ሥጋ ውስጥ የተሸሸገ ክትባት ይሰጣቸዋል። ሊሠራ እንደሚችል ታይቷል፤ በሌሎቹም ተራሮች ይስፋ።

ባሌ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ደስ ብሎናል። መመዝገቡ ግን ውሻ አይከትብም፣ ማረሻም አያቆምም። መሬት ያጣ ወጣት ገብሱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሣሩ ሲገለበጥ ፍልፈሉ ያልቃል፣ ቀበሮውም ይራባል። ለዚህ መልሱን ፍለጋ ባሕር ማዶ አንሻገርም። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጓሳን ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ሣሩን ለዓመታት ይዘጉታል፣ ሲደርስ ከፍተው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ያጭዱታል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ማኅበረሰቡ ግን ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ አቆመው። ዛሬ እዚያ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ሲያድን ጭላዳዎቹ አይሸሹትም። ተራራውን ማን ይጠብቀው ለሚለን የምንሰጠው መልስ፣ ሣሩን የሚያጭደው ሰው ይጠብቀው ነው። ሕግ ይህን መብት ይስጠው፤ መንግሥትም ከጎኑ ይቁም።

ለቱሪስት ስለሚጠቅም እንጠብቀው የሚለውን ክርክር አንወደውም። እንግዳ በቀረበት ዓመት ቀበሮው ዋጋ ያጣል ማለት ነውና። እኛ የምንጠብቀው የዚህ ምድር ልጅ ስለሆነ ነው።

ደግሞ የቀረውን በመጠበቅ ብቻ አንረካም። ጮቄ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበረ፤ ዛሬ የለም። እንመልሰዋለን። አስቀድሞ ግን በጮቄ ዙሪያ ያሉ ውሾች ይከተቡ፤ የተራራው አናት በነዋሪዎቹ መተዳደሪያ ደንብ ከማረሻ ይከለል፤ ፍልፈሉና ሣሩ ያገግሙ። ሥራው ዓመታት ይፈጃል፤ የውሻ ክትባቱ ግን ለዘንድሮ በጋ ይድረስ።