ክኒኑ ውስጥ ምን አለ?

የሐሰተኛ መድኃኒት ነጋዴ ትልቁ አጋሩ ጊዜ ነው። ናሙና ተፈጭቶ፣ ሟሙቶ፣ ተጣርቶ የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ዕቃው ተሸጦ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የግርሃም ኩክስ ቡድን ያስተዋወቀው ዴሲ የተባለ ዘዴ ይህን ጊዜ ወደ ሰከንዶች አውርዶታል። ማስ ስፔክትሮሜትር ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ ነው፤ ለዚህ ግን ሞለኪውሎቹ አስቀድመው አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሸከሙ፣ መሆን አለባቸው፤ ይህም ብዙ ዝግጅት ይጠይቅ ነበር። በዴሲ ክኒኑ እንዳለ ይቀመጥና ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ረቂቅ የፈሳሽ ጠብታዎች ይረጩበታል፤ ጠብታዎቹም ከላዩ ያነሱትን ይዘው ወደ መሣሪያው ይገባሉ። እንዲህ ያለ መሣሪያ መድኃኒት በሚገባባቸው የጉምሩክ ኬላዎች ሊኖር ይገባል ባይ ነኝ።

ምክንያቱ ፍጥነት ብቻ አይደለም። በደቡብ ምሥራቅ እስያ የተሰበሰቡ የአርቴሱኔት የወባ ክኒኖችን የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ከ391 ናሙናዎች ግማሽ ያህሉን ሐሰተኛ ሆነው አግኝቷቸዋል። አንዳንዶቹ ፓራሲታሞል ነበረባቸው፤ ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ቤተሰብ ዳነልን ይላል፣ ወባው ግን ሥራውን ይቀጥላል። በሌሎቹ ውስጥ ለማዳን የማይበቃ ጥቂት አርቴሱኔት ተገኝቷል፤ ቀላሉን የቀለም ምርመራ ለማለፍ ታስቦ ሳይሆን አይቀርም። የቀለም ምርመራ «አርቴሱኔት አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አጭበርባሪውም ለዚሁ አንድ ጥያቄ መልስ ያዘጋጃል። ማስ ስፔክትሮሜትር ግን ብዙ ንጥረ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ስለሚያሳይ መኖር የሌለበትንም ሊያጋልጥ ይችላል።

መሣሪያው ውድ ነው፣ ጥገናና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው። ስለዚህ ለየጤና ጣቢያው ይታደል አልልም፤ እዚያ ጉድለት ቢኖርበትም ርካሹ የቀለም ምርመራ ይበቃል። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የመጠን ጉዳይ ነው፤ ዘዴው ምን እንዳለ ሲለይ ጎበዝ ነው፣ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ሲለካ ግን የላቦራቶሪውን ክሮማቶግራፊ አይስተካከልም። መድኃኒቱ ትክክለኛ ሆኖ መጠኑ ያነሰ ክኒን ሊያመልጠው ይችላል። ሆኖም ወንፊት ሚዛን አይደለም ተብሎ አይጣልም፤ ግልጹን ሐሰተኛ ኬላ ላይ ካስቀረ ላቦራቶሪው ጊዜውን ለአጠራጣሪው ያውላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 በታዳጊ አገሮች ከአሥር የሕክምና ምርቶች አንዱ ገደማ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ እንደሆነ ገምቷል። ኢትዮጵያ አብዛኛውን መድኃኒቷን ከውጭ ታስገባለች፤ ስለዚህ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኗ ከጉምሩክ ጋር ሆኖ በቦሌ የአየር ጭነት ላይ በአንድ መሣሪያ ይጀምር፤ ውጤቱንም ለሕዝብ ያሳውቅ።