ከጀልባው ሥር ያለው ጆሮ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ፣ ጎረቤቴ የሆነ የባሕር ዳር ልጅ አንድ ካርቶን ታቅፎ መጣ። ጣና ላይ በሞተር ጀልባ ለሚያሰግሩት ወንድሞቹ የገዛው የዓሣ መፈለጊያ ሶናር ነው። «ጋሼ፣ አገጣጠሙን በአማርኛ ይጻፉልኝ» አለኝ። ኪሱሙ ላይ ከጀልባ ጠጋኞች ጋር እንደሠራሁ ያውቃል።

ጻፍኩለት። ትራንስዱሰር የሚባለው ትንሹ ዕቃ አፍም ጆሮም ነው። የኤሌክትሪክ ምቱን ወደ ድምፅ ቀይሮ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከሐይቁ ወለል ወይም ከዓሣ ላይ ነጥሮ ሲመለስ መሣሪያው በፈጀው ጊዜ ርቀቱን ያሰላል። ትልቁ ጠላቱ አየር ነው። ፕሮፔለሩ የሚያስነሳው አረፋ ከፊቱ ካለፈ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ዝብርቅርቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጀልባው የኋላ ግድግዳ ላይ፣ ከፕሮፔለሩ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከጀልባው ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንዲያይ ሆኖ ይታሰራል። ብሎን የገባበት ቀዳዳ ሁሉ ውኃ በማያስገባ ማሸጊያ ይደፈን፤ ሳንቃ የሚበሰብሰው ከዚያ ጀምሮ ነው። ገመዱ ቢረዝምም አይቆረጥ። የደንገል ታንኳ ያለው ደግሞ ታንኳው ውስጥ አያስቀምጠው፤ ደንገል በአየር የተሞላ ስለሆነ ድምፁን አያሳልፍም። በእንጨት ጫፍ አስሮ በጎን በኩል ውኃ ውስጥ ቢያወርደው ይሻላል።

ጣና በአማካይ 8 ሜትር ገደማ፣ ጥልቅ በሆነበት 14 ሜትር ያህል ነው። የጨረሩ ስፋት 20 ዲግሪ የሆነ ትራንስዱሰር በ8 ሜትር ጥልቀት የሚያሳየው ሦስት ሜትር የማይሞላ ክብ ነው። ሐይቁን አያሳይም፤ ከሥር ያለውን እንጂ።

እጄን የያዘኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር። ተመራማሪዎች እንደመዘገቡት፣ ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ለገበያ የሚሰገረው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ቀነሰ። ነጭ ዓሣ ዕንቁላሉን ለመጣል በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣል፤ ከመውጣቱ በፊት አፋቸው ላይ ይሰበሰባል። መረቡ የጠበቀው እዚያ ነው። ያለ ሶናር ይህ ከሆነ፣ ዓሣው የተከማቸበትን ሜትር በሜትር የሚያሳይ መሣሪያ ሲጨመርበት ምን ይተርፋል?

መሣሪያውን ግን አልኮንንም። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በጋራ የድምፅ ቅኝት እያደረጉ የሐይቁን ዓሣ ይገምታሉ። ያው ድምፅ፣ ያው ማሚቶ፤ እዚያ የሚያገለግለው ለቆጠራ ነው። የአጥማጅ ሶናር የተመራማሪን መሣሪያ እንደማይተካ አውቃለሁ። ቢሆንም ወንድሞቹ የሚያዩትን ጥልቀትና ዓሣ ያገኙበትን ቦታ ከነቀኑ ጽፈው ባሕር ዳር ላለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ቢሰጡ፣ ዛሬ በእጅ የሌለ መረጃ ይሆናል።

ወረቀቱ ላይ ከማሸጊያውና ከብሎኑ ቀጥሎ የመጨረሻውን መስመር በቀይ ጻፍኩት። ይህን ዓምድ ለምታነቡ የጣና አጥማጆችም ያንኑ እላለሁ፦ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ ሶናራችሁንም መረባችሁንም ይዛችሁ ከወንዞቹ አፍ ራቁ።