የአዛውንቶቻችን ጥርስ የት ያድራል?



ዛሬ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ወባው፣ ተቅማጡ፣ የሕፃናቱ ክብደት፣ የነፍሰ ጡሮች ክትትል እያለ ስለ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማውራት ምን የሚሉት ነው የምትሉም አትጠፉም። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደዚያው አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የገዛ ራሴ ስሕተት ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

በምሠራበት ብሎክ ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት እናት አሉ። የታችኛው ድዳቸው ላይ አንድም ጥርስ አልቀረም። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ሪፈር ደርሷቸው ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራላቸው፤ ድዳቸው ስስ ስለሆነም ከውስጥ በኩል ለስላሳ ገበር ተደረገለት። ቆሎ ባይቆረጥሙም እንጀራውን አላምጠው መብላት፣ ከጎረቤት ቡና ላይ ቁጭ ብለው መጫወት ጀመሩ። ከወራት በኋላ «ልጄ፣ ጥርሴ ይሸተኛል፤ ምን ላድርገው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ በክሊኒክ ዕቃ የምናጸዳበት በረኪና ትዝ አለኝና «ማታ ማታ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈው ያሳድሩት» አልኳቸው። የነርስ ቃል ነውና አመኑኝ። ከሳምንታት በኋላ ቤታቸው ስሄድ ገበሩ ነጥቶ፣ ደርቆ፣ ጠርዙም ተልጦ አገኘሁት። ድዳቸው ቆስሏል። ጥርሱን በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው፣ ዳቦ በሻይ እየነከሩ ይውላሉ። ገበሩ እስኪቀየርላቸው ድረስ እንደገና ወራት ጠበቁ። በእነዚያ ወራት ሲከሱ እያየሁ የተሰማኝን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ክፋት አልነበረኝም፤ ዕውቀት ግን አልነበረኝም። በነርስነት ሰርተፊኬቴን ስማር ስለ ሰው ሠራሽ ጥርስ የተነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሽተኛው ወደ ቀዶ ሕክምና ከመግባቱ በፊት ይውለቅ። ወልቆ የት ይቀመጥ፣ በምን ይታጠብ የሚለውን ግን የነገረኝ አልነበረም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እናንተ የእኔን ስሕተት እንዳትደግሙ ነው።

ገበሩ ምንድን ነው?

ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ጥርሱን ይዞ የነበረው የመንጋጋ አጥንት ከዓመት ወደ ዓመት እየሟሸሸ ይሄዳል። በታችኛው መንጋጋ ደግሞ ይብሳል። ድዱ ስስ ይሆንና ጠንካራው ፕላስቲክ ሲጫነው ያማል፣ ያቆስላል። ስለዚህ የጥርስ ባለሙያው ድድ በሚነካው በኩል እንደ ጎማ የሚለጠጥ ለስላሳ ነገር ይለብጥበታል። እንደ ኮት ገበር ነው፤ ውጪው ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ። አንዳንዱ ድድ ቆስሎ እስኪድን ድረስ ለቀናት ወይም ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚደረግ ነው። ሌላው ደግሞ ለወራት፣ ሲያዝለትም ከዓመት በላይ ያገለግላል።

ይህ ልስላሴ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ለስላሳው ገበር እንደ ጠንካራው ፕላስቲክ ልሙጥ አይደለም፤ ምራቅና የምግብ ርጥበት ይይዛል። በተለይ ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ይወደዋል። ፈንገሱ ሲራባ ጥርሱ የሚነካው የላንቃና የድድ ክፍል ይቀላል፣ የከንፈር ጥግ ይሰነጠቃል፣ አፍ ይሸታል። አስቸጋሪው ነገር መቅላቱ ብዙ ጊዜ አለማመሙ ነው። ሰውየው «ደኅና ነኝ» ይላል፤ ጥርሱ ወልቆ ላንቃው ሲታይ ግን እንደ በርበሬ ቀልቶ ይገኛል። የስኳር በሽታ ያለባቸው፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ ያለና በሌላም ምክንያት የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ወገኖቻችን ለዚህ የበለጠ ይጋለጣሉ።

ምን ያበላሸዋል?

በየቤቱ ስዘዋወር ያየኋቸውን ልንገራችሁ። በአመድና በከሰል የሚፈትጉ አሉ። በመፋቂያ የሚፍቁ አሉ። መፋቂያ ለተፈጥሮ ጥርስ የቆየ ወዳጃችን ነው፤ ገበሩን ግን ይቦጭቀዋል። የጥርስ ሳሙናም ቢሆን ውስጡ የሚሞርድ ነገር ስላለው ጥርሱን ይጭረዋል፤ በተጫረው ቦታ ደግሞ ቆሻሻ ይደበቃል። የፈላ ውሃ የሚያፈሱበት አሉ፤ ጥርሱ ይጣመማል፣ ገበሩም ይለቃል። በረኪናውን፣ እዚህ ሱቅ ጂክ የምንለውን፣ እኔ ራሴ ምን እንዳደረግሁበት ነግሬአችኋለሁ። ገበር ለሌለው ጥርስ ባለሙያዎች በጣም የቀጠነ በረኪና ለደቂቃዎች ብቻ የሚፈቅዱበት ጊዜ አለ። ለስላሳ ገበር ላለው ግን ጥርሱን የሠራው ባለሙያ ካላዘዘ አይሞከርም። ከከተማ የሚመጡት ውሃ ውስጥ የሚፈሉ የማጽጃ እንክብሎችም ሁሉም ለሁሉም ገበር አይስማሙም፤ ከመጠቀም በፊት መጠየቅ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ራስ በራስ መጠገን ነው። ላላ ብሎ ጨርቅና ጥጥ መወተፍ፣ ተሰበረ ብሎ በሱቅ ማጣበቂያ መለጠፍ፣ ቆረቆረኝ ብሎ በቢላ መፋቅ ጥርሱንም ድዱንም ያበላሻል። ጥርስ መዋዋስ ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው፤ በአንዱ ድድ ልክ የተሠራ ለሌላው አይሆንም።

እንዴት ይታጠብ?

አያያዙ ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

አንደኛ፣ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ጥርሱን አውጥቶ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ። ጫት የሚቅሙ ሰዎች በተለይ ይህን አይርሱ፤ የቅጠሉ ስብርባሪ ገበሩ ሥር ገብቶ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ጠዋትና ማታ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ፣ በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ወይም በተራ የእጅ ሳሙና ማጠብ። ጠንካራው ክፍል በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። ገበሩን ግን በጣት ወይም በጣም ለስላሳ በሆነ ብሩሽ ቀስ ብሎ ማሸት ይበቃል። ከዚያ ሳሙናው እስኪለቅ ማለቅለቅ።

ሦስተኛ፣ ስታጥቡ ሥሩ ውሃ ያለበት ሳፋ ወይም የታጠፈ ጨርቅ አድርጉ። ሳሙና ያለበት ጥርስ ከእጅ ያመልጣል፤ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ አለቀለት።

አራተኛ፣ ባዶውን ድድ፣ ላንቃውንና ምላሱን በንጹሕ ርጥብ ጨርቅ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት።

አምስተኛ፣ ሲተኙ ማውለቅ። ጥርሱ ታጥቦ ክዳን ባለው ኩባያ፣ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ውሃው ይደፋል፣ ኩባያውም ይታጠባል።

በጾም ወራት «አፌን ላጥብ ወይስ አላጥብ?» የሚሉ ክርስቲያንና ሙስሊም ወገኖች ይጠይቁኛል። ጥርሱ የሚታጠበው ከአፍ ወጥቶ ነው። የቀረውን የሃይማኖት አባታችሁን ወይም ሼካችሁን ጠይቁ፤ ነገር ግን በጾም ምክንያት ጥርሱ ሳይታጠብ ወር አይክረም።

ለምን ማታ ይውለቅ?

ከሁሉም በላይ የምጨቃጨቅበት ይህ ነው። ድድ እንደማንኛውም የሰውነት ክፍል እረፍት ይፈልጋል። ቀንም ሌትም ጥርስ የተጫነው ድድ ፈንገሱን መቋቋም ያቅተዋል። በጃፓን ዕድሜያቸው 85 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 524 አዛውንቶች ተሳትፈውበት በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ጥርሳቸውን ሳያወልቁ የሚተኙት በሳምባ ምች የመያዝ ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ገደማ እንደነበር አሳይቷል። አንድ ጥናት ሁሉን ነገር አያረጋግጥም፤ ጥንቃቄው ግን አንድ ኩባያ ውሃ ብቻ ስለሆነ የሚከራከርበት ሰው ሊኖር አይገባም።

ታዲያ አዛውንቶቻችን ለምን አያወልቁም? ጠይቄአቸዋለሁ። «ውሃ የለም» ይላሉ አንዳንዶቹ። የውሃ እጥረታችንን አልክድም። በአስቸኳይ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይሰጥ የሚለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ መኖሩን አውቃለሁ፤ ቦኖው ደርቆ ጀሪካን የተሰለፈበትን ቀንም አውቃለሁ። ቢሆንም ለጥርሱ ማደሪያ የሚያስፈልገው ከአንድ ብርጭቆ አይበልጥም።

እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ልጅ፣ ምራትና የልጅ ልጅ አብረው ይተኛሉ። ጥርስ አውልቆ ፊት ጎድጉዶ መታየት ያሳፍራል። ሕፃናቱ ይስቃሉ። አይጥ ይወስደዋል፣ ልጅ ይጫወትበታል፣ ሰው ይሰርቀዋል የሚል ሥጋትም አለ። ለዚህ ጥርስ ስንት ወር እንደጠበቁ ለሚያውቁ ሰዎች ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። «ጥርስ ባዳ ነው» እንላለን፤ ልብ እያዘነ ይስቃልና። አዛውንቶቻችንም በዚያ ባዳ ጥርስ እየሳቁ ሥሩ የቆሰለውን ድድ ይደብቁናል።

እዚህ ላይ ቤተሰብ ሥራ አለው። ልጆችን «የአያታችሁ መነጽር እንደማይነካ ሁሉ ይህም አይነካም፣ አይሳቅበትም» ብላችሁ ንገሯቸው። ኩባያው ልጅ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይኑረው። መብራት ሲጠፋ አውልቀው፣ ሰው ሳይነሣ ለሚያደርጉት አዛውንት ይህን ያህል ክብር ማድረግ አይከብደንም።

ለበጎ ፈቃደኞች ያለኝ ጥያቄ

የካኩማ ካምፕ በ1992 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ከ30 ዓመት በላይ አልፎታል። ያኔ በ40 ዓመታቸው የገቡት ዛሬ ከ70 አልፈዋል። ካምፑ አብሯቸው አርጅቷል፤ የቤት ለቤት ጉብኝታችን ግን ገና ወጣት እንደሆነ ነው። ሕፃን እንመዝናለን፣ አጎበር እንቆጥራለን፣ የአዛውንቱን አፍ ግን ከፍተን አናይም። ክብደታቸው ሲቀንስ «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን፤ ምናልባት ማኘክ አቅቷቸው ይሆናል።

ስለዚህ አዛውንት ባለበት ቤት ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች ጨምሩ፦ ሰው ሠራሽ ጥርስ አለዎት? ማታ የት ያድራል? ላየው እችላለሁ? በአክብሮት፣ ለብቻቸው ጠይቁ። ገበሩ ከጠነከረ፣ ከተሰነጠቀ፣ ከተላጠ ወይም ታጥቦም ከሸተተ መቀየር አለበት ማለት ነውና ወደ ክሊኒክ ላኩ። ራሳችሁ ልትልጡት አትሞክሩ። ላንቃ ከቀላ ሕክምና አለው፤ የአፍ ፈንገስ መድኃኒት ሲወሰድ ግን ጥርሱ መውለቅና አብሮ መጽዳት አለበት፤ አለዚያ በሽታው ከገበሩ ተመልሶ ይመጣል። ድድ ከቆሰለ ጥርሱን አውልቆ ማሳረፍ፣ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥ ይረዳል። በ2 ሳምንት ያልዳነ ማንኛውም የአፍ ቁስል ግን የካንሰር መነሻ ሊሆን ስለሚችል በጤና ባለሙያ ሳይታይ አይቅር። ለምርመራ የሚሄድ ሰው ጥርሱን ከአንድ ቀን በፊት አድርጎት ይዋል፤ የሚጫነው ቦታ በግልጽ የሚታየው ያኔ ነው።

ለሚመለከታቸው የእርዳታ ድርጅቶችም አንድ ቃል አለኝ። ጥርስ ለሚሠራለት አዛውንት ሁሉ ክዳን ያለው ኩባያ፣ ለስላሳ ብሩሽና በገዛ ቋንቋው የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ አብሮ ይሰጠው። ማንበብ ለማይችል ደግሞ ሥዕል ይጨመርበት። ጥርሱን ለመሥራት ከወጣው ድካምና ገንዘብ አንጻር ይህ ከቁጥር አይገባም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ሠርቶ ያለ መመሪያ መስጠት ግን መልሶ ለመሥራት መዘጋጀት ነው።

ያቺ እናት ዛሬ አዲስ ገበር አላቸው። ማታ ጥርሳቸው የሚያድርበትን ባለ ክዳን ኩባያ ከአልጋቸው በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አድርገው አሳዩኝ። «አሁንስ በረኪና ጨምሪበት አትዪኝም?» ብለው ሳቁብኝ። ስቄ ዝም አልኩ። ለመመለስ የነበረኝ ቃል ይህ ጽሑፍ ነው።

ቸር ይግጠመን።