የተፋቀ ፕላስቲክ፦ መጀመሪያ ጀርባውን አንብቡ

ባለፈው ሳምንት ስለ ኮርቻ አያያዝ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ስለ መኪና እንነጋገራለን።

«እኛ መኪና የለን፤ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ግን ከእንጅባራ ዳንግላ የሚመላለሰውን ሚኒባስ የሚነዳው ማን ነው? የገበሬ ልጅ ነው። ከባለ መኪኖቹም በሬ ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ የገዛ አለ። ስለዚህ ነገሩ የኛም ነው።

በአንድ የገበያ ቀን ዳንግላ ላይ ያየነውን እንንገራችሁ። አንድ ወጣት ሹፌር መኪናውን ሲያዞር የፊቱ ታች ከድንጋይ ጋር ተፋቀ። ሰው አልተጎዳም። መብራትም አልተሰበረም። ጥቁሩ ፕላስቲክ ግን ነጭ ነጭ ሆነ። ጠርዙም አንድ ጣት ያህል ተሰነጠቀ።

ልጁ ደነገጠ። «አዲስ ይገዛ ይላሉ፤ ከደመወዜ ይቆረጣል» አለ። እውነቱን ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ተወድዷል። በዙሪያው የቆሙት ሰዎች መምከር ጀመሩ። አንዱ «ስቱኮ ለጥፍበት» አለ። ሌላው «በእሳት አሙቀህ አቃናው» አለ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ለምን?

ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም

ድሮ የመኪና የፊት መከላከያ ብረት ነበር። በ1964 ዓ.ም. ሬኖ 5 የተባለች የፈረንሳይ መኪና የፕላስቲክ መከላከያ ይዛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉ። ሹፌሮች ባምፐር የሚሉት ይህንኑ ነው። ፕላስቲክ ቀላል ነው፤ አይዝግም፤ ትንሽ ሲገፋ ይለጠጥና ይመለሳል። ላሜራ ሲጣመም በመዶሻ ይቃናል። ፕላስቲክ ግን ጠባዩን ማወቅ ይፈልጋል።

ጠባዩ የተጻፈው ከጀርባው ነው። እኛም ከልጁ ጋር ጎንበስ ብለን አየን። ትንንሽ የላቲን ፊደሎች ታትመውበታል፦ «ፒ ፒ»። ይህ ፊደል ቀጥ ያለ እንጨት ሆኖ ከላይ በቀኝ በኩል ክብ ጆሮ ያለው ይመስላል። ትርጉሙ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው ማለት ነው። ቤታችሁ ያለውን የጀሪካን ሥርም እዩ። ብዙ ጊዜ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር አለበት። 5 ቢሆን ያው ፒ ፒ ነው። 2 ቢሆን ፖሊኢቲሊን የሚባለው ነው።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? ፕላስቲክ በደንብ የሚበየደው ከራሱ ዓይነት ጋር ነው። ፒ ፒን ደግሞ ሙጫም፣ ቀለምም፣ ስቱኮም በቀላሉ አይዘውም። ባምፐሩ ሲለጠጥ ስቱኮው ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ገንዘቡም አብሮ ይረግፋል።

የአሠራሩ ተራ

1. በሳሙናና በውኃ እጠቡት። ይድረቅ። ነጭ ሆኖ የታየው አንዳንዴ የድንጋይ ዱቄት ነው፤ ሲታጠብ ይለቃል።

2. እንደ ክር የተንጠለጠለውን ፍቅፋቂ በምላጭ ቁረጡ።

3. ገጹ ለስላሳ ከሆነ ውኃ በሚችል የብርጭቆ ወረቀት እያራሳችሁ እሹት። በ240 ጀምሩ፤ ከዚያ 400፤ ከዚያ 600። ቁጥሩ በወረቀቱ ጀርባ ተጽፏል። ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል። ገጹ ሻካራ ከሆነ ግን አትሹት፤ መላጣ ይሆናል።

4. ስንጥቅ ካለ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብሱ። ስንጥቁ እዚያ ላይ ይቆማል። ከዚያ ከጀርባው በኩል በተመሳሳይ ፕላስቲክ ይበየዳል። መበየጃ ከሌለ ኮርቻ እንደሚሰፋው በወስፌ በስቶ በቀጭን ሽቦ መስፋት ይቻላል። አያምርም፤ ግን ይይዛል።

5. ቀለም የሚቀባ ከሆነ መጀመሪያ ለፕላስቲክ የተሠራው ፕራይመር ይቀባል። ቀለሙን የሚያስይዘው እሱ ነው።

ጥንቃቄ

ፒ ፒ የሚቀልጠው በ160 ዲግሪ ገደማ ነው። የእንጨት እሳት ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ያቃጥለዋል እንጂ አያቃናውም። የሚቃጠል ፕላስቲክ ጢስ ሳንባን ይጎዳል። ብየዳው ደጅ ላይ፣ ልጆች በሌሉበት ይሠራ።

አንድ ነገር አደራ እንላለን። ቤንዚን የነበረበትን ጀሪካን ትኩስ ብረት አታስነኩ። ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ተን ይፈነዳል። ሰው ይገድላል።

ሁሉም አይጠገንም። መብራቱን የያዘው እግር ከተሰበረ፣ ከጀርባ ያለው ብረት ከተጣመመ፣ ፕላስቲኩ ጎማ ከነካ ወይም ራዲያተሩ ካንጠባጠበ መኪናው ይቁም። ባለሙያ ይየው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በሚያከብርበት በጥር 23 እንጅባራ እንዴት እንደምትሞላ ታውቃላችሁ። ሰውም፣ ፈረስም፣ መኪናም አንድ መንገድ ይካፈላሉ። ተንጠልጥሎ የሚንቋቋ ፕላስቲክ ፈረስ ያስበረግጋል፤ የሰው እግርም ይይዛል።

የዳንግላው ልጅስ? አጠበው፤ ነጩ አብዛኛው ለቀቀ። ስንጥቁን አንድ ራዲዮ ጠጋኝ በየደለት። ማታ ለባለ መኪናው ሳይደብቅ ነገረው። ባለ መኪናው ጎንበስ ብለው አዩና «ይኼ ጽሑፍ ምን ይላል?» አሉት። ልጁ አነበበላቸው። ከደመወዙ የተቆረጠ ነገር የለም።

ጥያቄዎች

1. ስቱኮ ፒ ፒ ላይ የማይቆየው ለምንድን ነው?
2. 240 እና 600 ከተጻፈባቸው የብርጭቆ ወረቀቶች ለስላሳው የትኛው ነው?
3. ዛሬ ማታ ጀሪካናችሁን ገልብጡ። ቁጥሩ ስንት ነው? ለጎረቤታችሁም አንብቡለት።