ንባቡ አለ፤ ትርጓሜው የት ሄደ?



አንድ ትልቅ መሐንዲስ ጡረታ ሲወጣ ግብዣ ይደረግለታል፤ ንግግር ይነገርለታል። 30 ዓመት ሙሉ ያከማቸውን ዕውቀት ግን «እስቲ ተቀምጠው ያስረዱን» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ፕላኑ በመደርደሪያ ይቀራል፤ ምክንያቱ ከሰውዬው ጋር ወደ ቤት ይሄዳል። ገንዘብ ያባከነ ይጠየቃል፤ ዕውቀት ሲባክን ግን ማን ይጠየቃል?

«ፕላኑ ካለ ምን ጎደለ?» የሚሉ አሉ። መልሱን ከሀብታሞቹ አገር እንስጣቸው። አሜሪካኖች ሰውን ጨረቃ ላይ ያደረሰውን ሳተርን 5 የተባለ ሮኬት ከ1967 እስከ 1973 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር አስወንጭፈዋል። ከመሬት ያነሡት ኤፍ-1 የሚባሉ 5 ሞተሮች ነበሩ። ፕላናቸው አልጠፋም። ነገር ግን በያጁና ገጣጣሚው በእጃቸው ያስተካከሉት፣ በወረቀት ያልሰፈረ ብዙ ነገር ነበር። ስለዚህ ከ40 ዓመት በኋላ የናሳ ወጣት መሐንዲሶች የተረፈ አሮጌ ሞተር እየፈቱ፣ እየለኩ፣ የአባቶቻቸውን ሥራ እንደ አዲስ ሊማሩ ተገደዱ።

እንግሊዞችም ቫንጋርድ የተባሉትን ሰርጓጅ መርከቦች ከነደፉ በኋላ ለብዙ ጊዜ አዲስ ንድፍ ሳይዙ ቆዩ፤ ባለሙያውም ተበተነ። በ1997 አስትዩት የተባለውን ዐይነት ባዘዙ ጊዜ ሥራው በዓመታት ዘገየ፤ ወጪውም ናረ። በመጨረሻ የአሜሪካ ባለሙያዎችን ለእርዳታ ጠሩ። እነሱ ሁለት ጊዜ ለመማር ገንዘብ አላቸው። እኛስ?

መድኃኒቱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የመጻሕፍት መምህር ንባቡን ብቻ አሰምቶ አያሰናብትም፤ «አንድም» እያለ የትርጓሜውን አማራጭ በየተራ ያወርዳል። የመሐንዲስ ፕላን ንባብ ነው፤ ዓምዱ 40 ሳንቲሜትር መሆኑን ይነግረናል። 30 ለምን ተጣለ? ያስፈራው አፈሩ ነው ወይስ ጭነቱ? ወይስ የተፈለገው ብረት ከገበያ ጠፍቶ ነበር? ትርጓሜው ይህ ነው። ትርጓሜውን ሳያውቅ ፕላን የሚቀዳ ሰው በጠንካራ መሬት ላይ ብረት ያባክናል፤ በደካማ መሬት ላይ ግን ሰው ይገድላል።

በ1970 ሆርስት ሪተልና ቬርነር ኩንዝ የተባሉ ሊቃውንት፣ ጥያቄውን፣ የቀረቡትን አማራጮች፣ የየአማራጩን የድጋፍና የተቃውሞ ምክንያት በሥርዐት የሚመዘግብ ዘዴ አቀረቡ። ከ«አንድም» ምን ያህል ይርቃል?

«ልምድ በጽሑፍ አይገኝም» ይሉናል። የእጅ ልማድ ሁሉ እንደማይጻፍ እናምናለን፤ ስለዚህም ወጣቱ ከአዛውንቱ አጠገብ ይቀመጥ እንላለን። የማይጻፍ ነገር መኖሩ የሚጻፈውን ላለመጻፍ ምክንያት አይሆንም። «ጊዜ የለም» ይሉናል። ጊዜ ያጣነው አንዱን ጥያቄ ዐሥር ጊዜ ስለምንፈታ ነው። «ኮምፒዩተር ይይዝልናል» የሚሉም አሉ። ኮምፒዩተር የነገሩትን ይይዛል፤ ማንም ያልነገረውን ምክንያት ከየት ያመጣዋል?

በአፍ የማይነገር ሌላ ምክንያት ግን አለ፤ ይኸውም «ዕውቀቴን ከሰጠሁ ማን ይፈልገኛል?» የሚል ፍርሃት ነው። ይህን ፍርሃት በስድብ አናርቀውም። ያስተማረ ሰው ከደበቀው ይልቅ የሚከበርበትና የሚሾምበት ሥርዐት ሲቆም ብቻ ይርቃል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የተጣሉትን አማራጮችና የተጣሉበትን ምክንያት ያልያዘ የመመረቂያ ሥራ አይለፍ። ሁለተኛ፣ መምህራን ከግቢ ውጭ የሠሩትን ንድፍ ከነክርክሩና ከነውድቀቱ በክፍል ያስተምሩን። ሦስተኛ፣ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት በቀረው በእያንዳንዱ መሐንዲስ አጠገብ ደብተር የያዙ ሁለት ተማሪዎች ይቀመጡ። ተማሪዎቹን እኛ እናቀርባለን፤ ደብተሩንም እኛው እንገዛለን። የሚቀረው የመምህራኑና የመሥሪያ ቤቶቹ ፈቃድ ነው። መልሳቸውን በዚሁ ጋዜጣ ለማተም ተዘጋጅተናል።