ያለ ክፍያ የሚሠራ «ልምምድ»፦ ተማሪዎችና አዲስ ተመራቂዎች ሊያውቁት የሚገባ

የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎችን የሚከታተል አዲስ ተመራቂ «የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» የሚለውን መደብ ለማግኘት ብዙ ሰሌዳ ማየት ግድ ይለዋል። በዚህ አጣብቂኝ ውስጥ ሳለ «ለጊዜው ክፍያ የለውም፤ ወደፊት እናያለን» የሚል ግብዣ ሲቀርብለት እምቢ ለማለት ይቸገራል። ተገልጋዮች በዚህ ረገድ ደጋግመው ለሚያነሱት ጥያቄ ምላሽ ለመስጠት፣ በቅድሚያ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ጉዳዮችን መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛው የሥርዓተ ትምህርት አካል የሆነው ልምምድ ነው። የምህንድስና ተማሪ በኢንዱስትሪ የሚያሳልፈው ጊዜና የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ በድርጅቶች የሚወስደው የትብብር ሥልጠና በዚህ ይመደባሉ። መምህር ይከታተለዋል፤ ውጤትም ይያዝለታል። ሁለተኛው ግን ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ከጠዋት እስከ ማታ ደንበኛ እያስተናገደ ወይም ሒሳብ እየመዘገበ፣ «ተለማማጅ» ስለተባለ ብቻ ያለ ደመወዝ የሚቆይበት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም በሕግ፣ በሥራ ደንብ ወይም በኅብረት ስምምነት በሌላ አኳኋን ካልተወሰነ በቀር፣ ሙከራውን ከጨረሰ ሠራተኛ ጋር እኩል መብት አለው። ውሉ በጽሑፍ አለመደረጉም መብቱን አያስቀርበትም። ስለዚህ «ሙከራ ላይ ስለሆንክ ደመወዝ የለህም» የሚለው አነጋገር፣ ምንም እንኳ በብዙ ቦታ የተለመደ ቢሆን፣ በሕጉ ዘንድ ድጋፍ ያለው አይደለም።

ከሕጉ ባሻገር የፍትሐዊነት ጥያቄም አለ። ወላጆቹ አዲስ አበባ የሚኖሩ ተማሪ ሦስት ወር ያለ ክፍያ ቢሠራ የሚያወጣው የታክሲና የምሳ ነው። ከጎባ ወይም ከደብረ ታቦር የመጣው ግን የቤት ኪራይ ይጨመርበታል፤ በውጤት ቢበልጥም ዕድሉን ትቶ ይመለሳል። ከዚህ ወቀሳ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ነፃ አይደሉም። ፎቶ ኮፒ ሲያነሳና ፋይል ሲያመላልስ ክረምቱን ጨርሶ፣ ስለ ሥራው አንዳች ሳይማር የሚሰናበት ተለማማጅ በእኛም ቢሮዎች ይታያል።

ልምድ የሚገኝበት መንገድ ግን አንድ ብቻ አይደለም፤ አዲስ ሐሳብም አይደለም። በ1957 ዓ.ም. ገደማ የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ አድርጎ ነበር። ዛሬም የሕግ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎቻቸው የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ከእውነተኛ ባለጉዳይ ጋር ይሠራሉ። በ2016 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ሥልጠናውን በነፃ በኢንተርኔት ይሰጣል፤ ላጠናቀቀም የምስክር ወረቀት አለው። የሒሳብ አያያዝ ተማሪ የአንድን የሰፈር ሱቅ መዝገብ ለስድስት ወር በሥርዓት ቢይዝ፣ ለቃለ መጠይቅ ይዞት የሚቀርበው ማስረጃ ከብዙ የተለማማጅነት ደብዳቤ የበለጠ ይናገራል። የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎትም የተሠራው ሥራ በዝርዝር በደብዳቤ ከተገለጸ ዋጋ አለው፤ «ተሳትፏል» ብቻ የሚል ወረቀት ግን ብዙም አይጠቅምም።

ያለ ክፍያ ለመለማመድ የወሰነ ሰው ከመጀመሩ በፊት የቆይታውን ጊዜ፣ የሚከታተለውን ባለሙያ ማንነት፣ የትራንስፖርት ድጎማ መኖር አለመኖሩንና በመጨረሻ የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት በጽሑፍ ማስፈር ይኖርበታል።

በሠራተኛነት ሠርቶ ደመወዝ የተከለከለ ሰው በበኩሉ ጉዳዩን በአካባቢው ለሚገኘው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ማቅረብ ይችላል። የመገኛ ሰዓት ፊርማ፣ የሥራ መመሪያ የተሰጠበት መልእክትና የምስክሮች ስም አብረው ቢቀርቡ ይረዳሉ። ይሁንና የደመወዝ ጥያቄ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበበት በይርጋ ስለሚታገድ፣ ነገሩን በሽምግልና ለመጨረስ የሚሞክሩ ሁሉ ይህን ቀን እንዳያሳልፉ እናሳስባለን።