ለሌላ ጊዜ የተቀመጠ መሬት

ለተሰንበት ግደይ በኦክቶበር 2020 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስፔኗ ቫሌንሲያ 5 ሺህ ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ06.62 ሰከንድ ሮጣ የጥሩነሽ ዲባባን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችበት መም የተነጠፈው በቀድሞ የወንዝ መውረጃ ውስጥ ነው። ቱሪያ የተባለው ወንዝ ዛሬ በዚያ አያልፍም፤ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው መውረጃው መናፈሻ ሆኗል። ቫሌንሲያን በሯጮቻችን ድል የምናውቃት ብዙ ነን። ወንዙ ወዴት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ካለ ግን መልሱን ከከተማዋ በስተደቡብ ካሉት የገበሬ መንደሮች ያገኘዋል።

ኦክቶበር 14 ቀን 1957 ቱሪያ ሞልቶ ከተማዋን አጥለቀለቀ፤ ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ። በወቅቱ ስፔንን ይገዛ የነበረው የአምባገነኑ ፍራንኮ መንግሥትም ወንዙን ከመሀል ከተማ ለማውጣት ወሰነ። 12 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ስፋቱ ወደ 200 ሜትር የሚጠጋ አዲስ መውረጃ በደቡቡ የመስኖ እርሻ መሀል ተቆፍሮ በ1969 ተመረቀ። ግራና ቀኙን ተከትሎ አውራ ጎዳና ተዘረጋ። ደርቆ የቀረውን አሮጌ መውረጃም ባለሥልጣናቱ ለፈጣን መንገድ አጭተውት ነበር፤ ነዋሪው አረንጓዴ ይሁንልን ብሎ ታግሎ አስጣላቸው። ይህ ታሪክ በከተማ ፕላን ባለሙያዎች ዘንድ ይወደሳል፤ ይገባዋልም። ቅር የሚለኝ ግማሹ ብቻ መነገሩ ነው። መሀል ከተማው መናፈሻ ያገኘው ጠርዙ ወንዝ ስለተቀበለለት ነው።

ላ ቶሬ፣ ፎርን ዳልሴዶ እና ካስቴያር ኦሊቬራል በአስተዳደር የቫሌንሲያ ከተማ አካል ናቸው፤ የሚገኙት ግን ከአዲሱ መውረጃ ማዶ ነው። ኦክቶበር 29 ቀን 2024 በቫሌንሲያ አውራጃ ከ220 በላይ ሰዎችን የገደለው ጎርፍ ሲመጣ አዲሱ መውረጃ የቱሪያን ውሃ ይዞ መሀል ከተማውን አተረፈ። ማዶ ያሉት ግን በውሃና በጭቃ ተዋጡ። ለእውነቱ ያህል፣ እነሱን የመታው ጎርፍ ፖዮ ከሚባለው ሌላ ገደላማ ፈፋ የመጣ እንጂ መውረጃው የላከው አይደለም። ቢሆንም የከተማዋ ደኅንነት ሲሰላ መስመር ተሰምሮ ነበር፤ እነዚህ መንደሮች ከመስመሩ ውጭ ቀሩ። በቀጣዮቹ ቀናት አካፋና መጥረጊያ የተሸከሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከከተማው ወደ ላ ቶሬ በእግረኛ ድልድይ ተሻገሩ፤ ድልድዩም ከዚያ ወዲህ የአጋርነት ድልድይ ተባለ።

እንዲህ ያሉ መንደሮች ሲጠፉ ከተማ አደገና ዋጣቸው ማለት ልማዳችን ነው። አባባሉ ማንንም አይወቅስም፤ እድገት እንደ ክረምት በራሱ ጊዜ የሚመጣ ይመስላል። እኔ ግን የቫሌንሲያን ደቡብ ሳጤን ሌላ ነገር አያለሁ። ከተማዋ ጠርዟን እንደ ጓዳ ነው የያዘችው፦ ሳሎን የማይገባውን ሁሉ እዚያ ታኖራለች። ወንዙ፣ አውራ ጎዳናው፣ የባቡር ሐዲዱ፣ የፍሳሽ ማጣሪያው፣ የወደቡ መጋዘን ቦታ። መንደሩን የሚገድለውም ከከተማው መስፋት ይልቅ ለሌላ ጊዜ የተቀመጠ መሬት ተደርጎ መቆጠሩ ነው። ለዚህ ከላ ፑንታ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ላ ፑንታ በከተማው፣ በወደቡና በአዲሱ መውረጃ መካከል ያለ ሰፈር ነው። ቀድሞ የሩሳፋ ማዘጋጃ ቤት ግዛት ነበር፤ በ1877 ሩሳፋ ወደ ቫሌንሲያ ሲጠቀለል አብሮ ገባ። መሀል አደባባይ ያለው፣ ቤቶቹ የተጠጋጉ መንደር አድርገን ካሰብነው እንሳሳታለን። ቤቶቹ በየቦዩና በየጠባቡ መንገድ ዳር ተበታትነው፣ እያንዳንዱ ማሳው መሀል የቆመ ነው። ከፕላን ሠሪ ጠረጴዛ ላይ ሲታይ በቤትና በቤት መካከል ያለው ክፍት ቦታ ባዶ ይመስላል። ያ ቦታ ግን ሰላጣና ሽንኩርት፣ አርቲቾክና ድንች የሚበቅልበት የገበሬው የሥራ ቦታ ነው።

አሰፋፈሩን የወሰነው ውሃው ነው። የቫሌንሲያ ዙሪያ የመስኖ እርሻ፣ በነሱ አጠራር ኦርታ፣ አብዛኛው አወቃቀሩ ከእስልምናው አገዛዝ ዘመን የወረደ ነው። ስምንት ዋና ዋና ቦዮች ከቱሪያ እየተጠለፉ ማሳውን ያጠጣሉ፤ እያንዳንዱ ቦይም ገበሬዎቹ ከመካከላቸው የሚመርጡት፣ እኛ የውሃ አባት የምንለው ዓይነት ሹም አለው። ስምንቱ ሹሞች ሐሙስ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ከካቴድራሉ የሐዋርያት በር ፊት ለፊት በችሎት ይቀመጣሉ። ያለተራው ውሃ የወሰደ፣ ቦዩን ያልጠረገ ይከሰሳል፤ ክርክሩም ብይኑም በቃል ነው፤ ይግባኝ የለም። የስፔን ሕገ መንግሥት በ125ኛው አንቀጹ እንዲህ ያሉ ባህላዊ ፍርድ ቤቶችን ያውቃል። ከዚህ ሥርዓት አንድ ቁራጭ መሬት ነጥሎ መውሰድ የአንድ ባለማሳ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፦ ቦዩ መሀል ላይ ከተቆረጠ ታች ያለው ማሳ ይደርቃል፣ ከላይ ያለውም የጽዳቱ ድርሻ ይበዛበታል።

የቫሌንሲያ ወደብ በሜዲትራኒያን ብዙ ኮንቴይነር ከሚያስተናግዱት ወደቦች አንዱ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ላ ፑንታ ላይ የሎጂስቲክስ ቀጣና ለማቋቋም ታቀደ፤ 70 ሄክታር ያህል ለእርሻ ተከልሎ የነበረ መሬት ወደ ሌላ አገልግሎት እንዲዛወር ተወሰነ። ነዋሪው ተቃወመ፤ ከከተማው የመጡ ወጣቶችም አብረውት ቆሙ። በ2002 እና በ2003 ፖሊስ ባለበት ቤቶቹ ፈረሱ፣ ሰው ተነሣ፣ ቦዩ ተደፈነ። ከዚያ መንገድ ተነጠፈ፣ የመብራት ምሰሶ ቆመ፣ ቦታው ታጠረ። መጋዘን ግን ለዓመታት አልተሠራበትም።

በ2009 ሁለት ነገር ሆነ። ዩኔስኮ የሐሙሱን የውሃ ችሎት በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበ። በዚያው ዓመት የስፔን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የላ ፑንታን መሬት ያዛወረውን ፕላን ሻረው። ገበሬዎቹ በዓለም ፊት ተከበሩ፣ በፍርድ ቤትም ረቱ፤ ማሳው ግን አስቀድሞ አስፋልት ለብሶ ነበር። የቫሌንሲያው ደራሲ ብላስኮ ኢባኜዝ በ1898 ባሳተመው «ላ ባራካ» በተሰኘ ልቦለዱ፣ አንድ ጭሰኛ ከመሬቱ ሲነቀል የኦርታ ጎረቤቶቹ ማንም እንዳያርሰው አድመው መሬቱን ጠፍ ያደርጉታል። በላ ፑንታ መሬቱን ጠፍ ያደረገው ልማት አመጣለሁ ያለው ክፍል ራሱ ነው፤ አጥሩም ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ።

ይህን ሁሉ የሚቃወም አንድ ከባድ መከራከሪያ ግን አለ። ኦርታው ወደቡ ባይመጣም እየሞተ ነበር ይባላል። ማሳው ጠባብ ነው፣ ገበሬው አርጅቷል፣ ልጁ ከተማ ተቀጥሯል፣ የሽንኩርት ዋጋ የጉልበቱን አይመልስም። ይህ እውነት አለው፤ ነዋሪው ሁሉ ለቦዩ ሲል ይሞታል የሚሉ የከተማ ወዳጆችም ነገሩን ያሳምሩታል። ነገር ግን ማርጀቱ ከየት መጣ? ነገ ትነሣለህ የተባለ ሰው ጣሪያ አያድስም፣ ፍሬው ከዓመታት በኋላ የሚደርስ ዛፍ አይተክልም፣ ልጁንም በእርሻው ቅጠል አይለውም። እኛ አገር የልማት ተነሺ የሚባለው ሰው ከመነሣቱ በፊት ያሉትን ዓመታት እንዴት እንደሚኖር የሚያውቅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መንደሩን ለዓመታት በይደር አቆይቶ ሲያረጅ ማርጀቱን እንደ ማስረጃ ማቅረብ ፍትሐዊ ክርክር አይመስለኝም።

የቫሌንሲያ ክልል ምክር ቤት በማርች 2018 የኦርታ ጥበቃ ሕግ አወጣ፤ በ2019 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ታሪካዊውን መስኖ በዓለም የግብርና ቅርስነት መዘገበው። ሕጉ እርሻውን በሥራ ላይ ያለ የኑሮ መሠረት አድርጎ ማየቱ ጥሩ ነው። ሆኖም ሕጉ በወጣበት በ2018 ላ ፑንታ ላይ የሎጂስቲክስ ቀጣናውን የሚያስቀጥል አዲስ ፕላን ጸደቀ። የባለሥልጣናቱ ምክንያት ግልጽ ነበር፦ አስፋልት የለበሰ መሬት ወደ እርሻ አይመለስም። ማን አስፋልት አለበሰው የሚለው ጥያቄ በፕላኑ ውስጥ ቦታ የለውም።

ስፔን በ1954 ያወጣችው የመሬት ማስለቀቂያ ሕግ ለዚህ አንድ ቀዳዳ ትቷል። ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ የተወሰደ መሬት ለታሰበለት ሥራ ካልዋለ የቀድሞ ባለቤቱ ወይም ወራሹ መልሱልኝ ማለት ይችላል፤ የተቀበለውን ካሳ በጊዜው ዋጋ ተሰልቶ ይመልሳል። ለከተማ ጠርዝ መንደሮች የሚበጀው ይህን መብት ማጠንከር ይመስለኛል፦ እያንዳንዱ ፕላን የማብቂያ ቀን ይኑረው፤ ቀኑ ካለፈ መሬቱ ባለቤቱ ሳይከስ ይመለስ፤ ቤቱንና ቦዩን ያፈረሰውም በራሱ ወጪ መልሶ ይሥራ። አሁን ባለው አሠራር የላ ፑንታ ገበሬ መሬቴን መልሱልኝ ቢል ከፍሎ የሚረከበው አስፋልትና የመብራት ምሰሶ ነው።